ከባሌስትራው በፊት ፍሬኑ

ልጅ የቤት እድሳት ሥራ ሲጀምር ወላጅ ከቁጠባው አውጥቶ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ አሮጌ ቴንደር መግዣ ይሰጠዋል። ብዙ ሳይቆይ ልጁ «ኋላው ጎብጧል፣ ወፍራም ባሌስትራ ይግባለት» ብሎ እንደገና ገንዘብ ይጠይቃል። እኛ የማኅበረሰብ ነርሶች ይህን ወሬ ከቤት ቤት እንሰማለን። አስተያየታችን፦ መጀመሪያ ፍሬኑ።

ወፍራም ባሌስትራ መኪናውን ቀና ያደርገዋል እንጂ በመኪናው ፈቃድ ላይ የተጻፈውን የጭነት ልክ አይጨምርም። የጎበጠ መኪና ቢያንስ ጫኙን ያስፈራል፤ ቀና ሲል ግን ሲሚንቶው ይደረብበታል። ያን ሁሉ የሚያቆመው ያው ያለቀ ሸራ ነው። የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት ይስባል። ከኢየሩሳሌም ወደ ሙት ባሕር ያለውን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ተጭኖ፣ ፍሬን እየረገጠ ለሚወርድ ሰው ያረጀው ዘይት ሊፈላና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሊሰምጥ ይችላል።

ስለዚህ ገንዘቡ ለፓድ፣ ለዲስክ፣ ለኋላ ሸራ፣ ለፍሬን ቱቦዎቹና ለዘይቱ ይቅደም። ከዚያ አሞርዛተር፤ ሲያልቅ ጎማው መሬቱን በደንብ ስለማይዝ ፍሬኑንም ያዳክማል። ባሌስትራው ከተሰበረ ግን በልኩ ይቀየር። መኪናውን ከፍ ማድረግ ያለ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ አይሞከር።

15 ዓመት ያለፈው መኪና ለቴስት ሲቀርብ ከጋራዥ የፍሬን ማረጋገጫ ይጠየቃል። ወረቀቱ ግን፣ እኛ እንደምንለካው የደም ግፊት፣ የዚያን ቀን ብቻ ነው የሚናገረው። ዋጋውን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ «አሳዩን» በሉ። ዕብራይስጡ ቢያስቸግር ልጁ ራሱ ያስተርጉምላችሁ።