«ጌታዬ» መባል ክብር የሚሆነው መቼ ነው?

ብዙ ሰዎች የማዕረግ ስም ሁሉ ክብር ይመስላቸዋል። እኔ ግን አይደለም እላለሁ። የማዕረግ ስም ክብር የሚሆነው፣ ጠሪው ስሙን ለመንፈግም ነፃነት ያለው እንደ ሆነ ብቻ ነው። ይህንንም ለመረዳት «ዶሚኑስ» የተባለውን የላቲን ቃል ታሪክ መመልከት ይበቃል።

ዶሚኑስ ማለት ጌታ ማለት ነው። ቃሉ ቤት ማለት ከሆነው ከ«ዶሙስ» ጋራ የተዛመደ ሲሆን፣ የቤቱና በቤቱ ያሉት ባሪያዎች ባለቤት የሚጠራበት ስም ነበረ። ባሪያው «ጌታዬ» የሚለው ወዶ አይደለም፤ ሊገርፈውና ሊሸጠው በሚችል ሰው ፊት ስለ ቆመ ነው።

ስለዚህ የሮማው ቄሣር አውግስጦስ ይህን ስም እንደ ስድብ ቈጥሮ ይጸየፈው ነበር። አንድ ቀን በቴአትር ስለ ደግ ጌታ የሚናገር ቃል በተሰማ ጊዜ፣ ሕዝቡ ለእርሱ የተባለ አስመስሎ አጨበጨበ። እርሱ ግን ወዲያው በእጁ ምልክት ዝም አሰኛቸው፤ በማግስቱም በዐዋጅ ገሠጻቸው። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ እንኳ በቀልድም ቢሆን እንዲህ ብለው እንዳይጠሩት ከለከለ። «ሥልጣኑን ግን መች ቀነሰ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ አልቀነሰም። ነገር ግን ነፃ ሰው በባሪያ አንደበት ሲናገር መስማት ነውር መሆኑን ያውቅ ነበር።

በአውሮፓ አቈጣጠር ከ81 እስከ 96 ዓ.ም. የገዛው ዶሚጥያኖስ ግን «ጌታና አምላክ» መባልን ወደደ። ምን አተረፈ? በ96 ዓ.ም. በገዛ ቤተ መንግሥቱ ተገደለ፤ ሲያጎነብስለት የኖረው የሮማ ሸንጎም ምስሉ እንዲወርድ፣ ስሙም ከየሐውልቱ እንዲፋቅ አዘዘ።

የዶሚኑስ እንስት «ዶሚና» ናት። እርሷም በፈረንሳይኛ «ዳም» ሆነች፤ «የእኔ» የሚል ቃል ሲጨመርባት «ማዳም» ተባለች። ቃሉ በብዙ ስፍራ የጨዋ ሰላምታ ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን በቤይሩት ወይም በባሕረ ሰላጤው ከተሞች፣ ፓስፖርቷ ተወስዶባት፣ በር ተቈልፎባት፣ «ማዳም» የምትል እኅታችን አሠሪዋን አከበረች ይባላልን? ቃሉ ወደ ተወለደበት ቤት ተመለሰ እንጂ! ደግ አሠሪም አለች ቢሉኝ አልክድም። ደግነቷ የሚታወቀው ግን ፓስፖርቱን ስትመልስ፣ በሩንም ስትከፍት ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ነገ አንተም ሹመት ታገኝ፣ ሠራተኛም ትቀጥር ይሆናል። «ጌታዬ» ሲሉህ ደስ ከመሰኘትህ በፊት፣ ይህ ሰው እንዲህ ባይለኝ ምን ይደርስበታል ብለህ ራስህን ጠይቅ። ምንም የማይደርስበት ከሆነ ክብርህን በምስጋና ተቀበል። እንጀራውን የሚያጣ ከሆነ ግን፣ የሰማኸው ፍርሃቱን ነው እንጂ ክብርህን አይደለም።