በባሕር ውስጥ የሚያበራ መብራት እንዴት ይመዘናል

በዛሬው ዘመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ የጦር ሠራዊት መሣሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶአል። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ የሚይዝ ትንሽ ሆኖ እየተሠራ፥ ባለጠጎች ከቤተ ሰባቸው ጋራ የባሕሩን ጥልቀት ለማየት ይወርዱበታል። ገዢውም ስለ መርከቡ ጥንካሬ አጥብቆ ይጠይቃል። የመብራቱን ነገር ግን በሻጩ ወረቀት ላይ በተጻፈው ቍጥር ብቻ ይቈርጠዋል፤ 10,000 ሉመን ከ3,000 ሉመን ይበልጣልና ብዙውን ይመርጣል።

ይህ አመራረጥ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ሉመን ማለት ከመብራቱ የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ ድምር ነው እንጂ፥ ያ ብርሃን በምን ያህል ስፋት እንደ ተበተነ አይናገርም። 10,000 ሉመን የሚሰጠው መብራት ብርሃኑን 120 ዲግሪ አስፍቶ ቢበትነው፥ በአንድ አቅጣጫ የሚሄደው ኀይል 3,200 ካንዴላ ያህል ይሆናል። 3,000 ሉመን ያለው ሁለተኛው ግን ብርሃኑን በ20 ዲግሪ ውስጥ ሰብስቦ ቢልከው፥ 31,000 ካንዴላ ያህል ይደርሳል። እንግዲህ በወረቀት የመጀመሪያውን ሢሶ እንኳ የማያህለው መብራት፥ ወደ ፊት አርቆ ለማሳየት ዐሥር እጥፍ ያህል ይበረታል ማለት ነው። ሰፊው ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም፤ በቅርብ ያለውን ዓሣና ድንጋይ በሙሉ ለማሳየት እርሱ ይሻላል። ደግሞም ዲግሪው በአየር ነው ወይስ በውሃ የተለካው ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ የመብራቱ መስተዋት ዝርግ የሆነ እንደ ሆነ፥ በአየር 120 ዲግሪ የነበረው በውሃ ውስጥ ወደ 80 ዲግሪ ይጠባልና።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የውሃው ነገር ነው። ብርሃን በውሃ ውስጥ ሲሄድ በየሜትሩ ከፊሉ ይዋጣል፥ ከፊሉም ይበተናል። መንገዱም ደርሶ መልስ ነው፤ ከመብራቱ ወደ ዓሣው፥ ከዓሣውም ወደ ዐይናችን። ውሃው በየሜትሩ ከብርሃኑ አንድ አምስተኛውን ይወስዳል ብለን ብናስብ፥ 5 ሜትር ከራቀ ነገር ከዐሥር እጅ አንዱ ብቻ ይመለሳል፤ 10 ሜትር ከራቀ ግን ከመቶ እጅ አንዱ። እንደዚህ ባለ ውሃ መብራቱን እጥፍ ብናደርገው፥ ዐይናችን አርቆ የሚጨምረው ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም፤ ይህም ብርሃኑ እየሰፋ በመሄዱ የሚቀንሰውን ሳንቈጥር ነው። በጠራ ውቅያኖስ ጕዳቱ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ በወደብ አጠገብ ግን ሊብስ ይችላል።

ውሃው የደፈረሰ እንደ ሆነ ደግሞ ብርቱ መብራት ራሱ ጠላት ይሆናል። በክረምት በተራራ ጉም ውስጥ በመኪና የሄደ ሰው፥ ረዥሙን መብራት ባበራ ጊዜ ነጭ ግድግዳ በፊቱ እንደሚቆም ያውቃል። በባሕርም በውሃው የሚንሳፈፈው ደቃቅ ነገር ብርሃኑን ወደ ዐይን ይመልሰዋል። ስለዚህ ዐዋቂዎች መብራቱን ከመስኮቱ አጠገብ አያኖሩትም፤ በክንድ ላይ ወደ ጐን አርቀው ይሰቅሉታል። እኔም ብመርጥ፥ ከአንድ ታላቅ መብራት ይልቅ ጠባብና ሰፊ የሆኑ ሁለት ትንንሾችን በግራና በቀኝ አርቄ ባኖር እወዳለሁ።

ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው ሁለቱን መብራቶች በጨለማ ቤት፥ በገንዳ ውሃ ውስጥ አድርጎ፥ በእኩል ርቀት መካከሉንም ዳሩንም በብርሃን መለኪያ መሣሪያ ይለካ። ውሃ እንዲያቀዘቅዘው የተሠራ መብራት በአየር ላይ ሲቈይ ይግላልና። መለካቱም ወዲያው እንደ በራ ሳይሆን ጥቂት ከቈየ በኋላ ይሁን፤ ሙቀቱ ሲጨምር ብርሃኑ ይቀንሳልና።

እንስሳትን ለማየት የሚወርድ ሰው ደግሞ የብርሃኑን ቀለም ያስብ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. በጃፓን ኦጋሳዋራ ደሴቶች አጠገብ፥ ኢዲት ዊደር የተባሉት ሊቅ ካሜራቸውን በቀይ መብራት አውርደው፥ ግዙፉን ስኩዊድ በሚኖርበት ጥልቅ ባሕር በተንቀሳቃሽ ሥዕል አስቀሩት። ቀይ ብርሃን በውሃ ፈጥኖ ስለሚጠፋ፥ አብዛኞቹ የጥልቁ እንስሳት አያዩትምና ከእርሱ አይሸሹም።

የቀረው የባትሪው ነገር ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1934 ዓ.ም. ዊልያም ቢብና ኦቲስ ባርተን በቤርሙዳ አጠገብ በብረት ድብልብል ውስጥ ሆነው 923 ሜትር በወረዱ ጊዜ፥ ለመብራታቸው የሚሆነው ኤሌክትሪክ ከላይ ካለው መርከብ በሽቦ ይወርድላቸው ነበር። የዛሬው ትንሽ መርከብ ግን የያዘውን ባትሪ ብቻ ይበላል። 10,000 ሉመን ለመስጠት የቀድሞው የሃሎጂን አምፑል 500 ዋት ያህል ሲፈጅ፥ ኤል ኢ ዲ የሚባለው አዲሱ 100 ዋት ያህል ይበቃዋል። ሁለት እንዲህ ያሉ መብራቶች አራት ሰዓት ቢበሩ፥ የፊተኛው 4 ኪሎ ዋት ሰዓት፥ የኋለኛው ግን አንድ እንኳ የማይሞላ ይወስዳል። ልጆቹን ይዞ የሚወርድ አባት ይህን ሒሳብ አስቀድሞ ይሥራ፤ መርከቡን የሚነዳው ሞተርና ሰዎቹ ተንፍሰው ያቃጠሉትን አየር የሚያጠራው ማራገቢያም የሚዞሩት በባትሪ ነው።