ሳክስፎኑ የማን ልጅ ነው?

ስለ አዲስ አበባ ጃዝ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ተከራካሪ ከፊታችን ይደቀናል። አንደኛው «ጃዝ የፈረንጅ ነው፤ ከባህላችን ጋር ምን አገናኘው?» እያለ አፍንጫውን ይነፋል። ሁለተኛው ደግሞ «ጃዝ የሠለጠነ የከተማ ሰው ጥበብ ነው፤ የደገኛ ጩኸት እዚህ ውስጥ ምን ዶለው?» ይላል። ሁለቱ የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፦ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ደጋ ለዚህ ሙዚቃ ያዋጣው ነገር የለም ብለዋል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ለመሞገት የተጻፈ ነው።

እስቲ ከማስረጃው እንነሣ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የመንዝ ደጋ በምሥራቅ በኩል አፋፉ ሲያልቅ ቁልቁል የሚታየው አገር ይፋት ነው። አንጋፋው ሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ በ1935 የተወለደው እዚያ ነው። እጁ መጀመሪያ የለመደው ክራርና መሰንቆ ነበር፤ ክላርኔትና ሳክስፎን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በ1949 ገና በአፍላ ዕድሜው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገረ።

ታዲያ ይህ ሰው በሳክስፎን ምን ነፋ? ከአሜሪካ ሸክላ የቀዳውን? የለም! የነፋው ሽለላ ነው፤ ቀረርቶ ነው። አባቶቻችን በሠርግና በግብር ላይ፣ ወደ ጦር ሜዳም ሲወርዱ ያወጡት የነበረውን ድምፅ፣ ያንን ትንፋሽ እስኪያልቅ የሚሳበውን፣ ድንገት ተሰብሮ እንደገና የሚያገሣውን ድምፅ፣ እንዳለ ናሱ ውስጥ አስገባው። መድረክ ላይም የጀግና ለምድ ደርቦ፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ይወጣ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ይናገር? አባቱን በልብሱም በድምፁም አስተዋውቋል እኮ!

የውጭ ሐያስያን በኋላ ሲሰሙት ተደንቀው ከአሜሪካው ፍሪ ጃዝ ጋር አመሳሰሉት። ኦርኔት ኮልማን «ፍሪ ጃዝ» የተባለውን ሸክላ የቀዳው በ1960 መጨረሻ ነው፤ ጌታቸው ያን ጊዜ በባንድ ሙያ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቷል። ማመሳሰሉ ክፋት የለውም። የሚያስከፋው የእኛው ሰው ይህንኑ ተቀብሎ ማስተጋባቱ ነው። ልጁን ከሩቅ ጎረቤት ጋር አመሳስሎ አባቱን መርሳት ምን ይሉታል?

ናሱ ከውጭ መጣ፤ ማን ካደ? በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመኖች የነፉት የናስ መሣሪያ ነው። ሙላቱ አስታጥቄም በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምሮ ቫይብራፎኑንና የላቲኑን ምት ይዞ ሲመለስ የሠራው ሥራ ታላቅ ነው፤ ኢትዮ ጃዝ የሚለው ስም ከእሱ አይለይም። ዳሩ ግን የዚህ ሙዚቃ ቅኝቶች ማን ይባላሉ? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ባቲና አምባሰል የአገር ስም ናቸው፤ ሁለቱም ወሎ ናቸው፤ ወሎ ማለት ደግሞ ለግሼ ሰው ጎረቤቱ ነው። መሣሪያው ተሻግሮ መጣ፤ ዜማው ግን ማንንም ሳይጠብቅ እዚሁ ነበር። ከተማው የሠራው ሁለቱን ማጋባት ነው፤ ሙሽራይቱን ግን ከከተማው አልወለዳትም። በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የሚሞቅ ሰው በጉን ላያስበው ይችላል፤ ሱፉ ከበግ ጀርባ አልመጣም ብሎ ሊከራከር ግን አይችልም።

አሁን ደግሞ ወደ አንጋፋዎቹ ዕጣ እንምጣ፤ ትልቁ ነውር ያለው እዚህ ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ። በዋልያስ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ እየተጫወተ በሂልተን ስንቱን ሌሊት አነጋ! በ1977 ያወጡት ሸክላ ስሙ «ቼ በለው» ነው፤ ፈረሰኛ ፈረሱን የሚያነሣበት ቃል። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉም ከቀሩት አንዱ ሆነ። በ1985 ብቻውን አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ አንድ ካሴት ቀዳ፤ ከዚያም በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ። ኪቦርዱን በመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ይዞ እየዞረ ደንበኛ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። በመጨረሻ አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት አገኘና በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ዓለምም አጨበጨበ።

ካሴቱ የተገኘው የት ይመስላችኋል? ለንደን? ኒው ዮርክ? ባሕር ዳር ነው! አቧራ ሲጠጣ የኖረው በገዛ አገሩ ነው። ጌታቸውም ቢሆን በ1972 የታተመው የሽለላ ሸክላው በ2003 በፈረንሳዮች እጅ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ዳግመኛ እስኪወጣ፣ በ2006ም «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን እስኪሠራ ድረስ የጠየቀው ማን ነበር? ጌታቸው በ2016 ዐረፈ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይላል ባላገር፤ እኛ ዘንድ ግን ሰርዶውን የሚያሳየን የሰው አገር በሬ ሆኗል።

ደርግ በሰዓት እላፊው የሌሊቱን ከተማ ዘጋው፣ ሙዚቀኛውን በተነው የሚል መልስ አለ። እውነት ነው። ሆኖም እላፊው ከተነሣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል። ሰበብም ዕድሜ አለው። ደግሞስ የቀደመው ዘመን መቼ ምቹ ነበር? ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት በ1969 ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ወርቃማው ዘመን እየተባለ የሚወደሰው ድምፅ ብዙው ያ ወጣት ባይደፍር ኖሮ ከምሽት ክበቡ ጭስ ጋር በኖ በቀረ ነበር።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይቀራል፤ እሱን ሳይመልሱ ማለፍ አይገባም። «ሽለላ የጦርነት ድምፅ ነው፤ ከ2023 ወዲህ ጦርነት በገባበት ክልል እሱን ማወደስ በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው» የሚል ነው። የሚያሳስብ ቃል ነው። ነገር ግን ጌታቸው ያደረገውን ልብ በሉ። ከሽለላው ላይ ጠላቱን አውጥቶ ትንፋሹን አስቀረ። በእሱ ሳክስፎን የሚገደል ሰው የለም፤ ደረቱ የሚሞላ ሰው ግን አለ። አምስተርዳም ላይ የጨፈረው የሆላንድ ወጣት በማን ላይ ዘመተ? ሽለላን ለጠመንጃ ብቻ ትተን ዝም ካልን ነው የሚያስፈራው። ኪነት ያልወሰደውን ድምፅ ጦርነት ይወስደዋል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሐውልት አንልም፤ የሽልማት ምሽትም አንልም። በሕይወት ያሉት አንጋፋ ሙዚቀኞች ትንፋሽ ሳያጥራቸው፣ ጣታቸው ሳይደነዝዝ፣ የሚያውቁት ይቀዳ፤ ከሥራቸውም የሚገባቸው ክፍያ ይድረሳቸው። ከከተማው መድረክ ጎን ለጎን የመሐል ሜዳው ዋሽንት ነፊ፣ የዓለም ከተማው አዝማሪ፣ የራቤሉ አልቃሽ በእኩል ክብር ይቀዱ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ወደ ደጋው እንውጣ፤ እስከዚያው ከደጋ የመጣ ተማሪ ሁሉ አያቱ ከሚያውቁት ይጀምር። ደብረ ብርሃን ከ2007 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ መቅጃውም ዛሬ በየተማሪው ኪስ ውስጥ ነው። የአምኃን ያህል ገንዘብም ሆነ የእሱን ያህል ድፍረት አይጠይቅም።

ይህን ካላደረግን ግን ነገ ሌላ እንግዳ መጥቶ ሌላ ካሴት ከአቧራ ያነሣልናል፤ እኛም የሰጠንን ስም ተቀብለን የገዛ አባታችንን ድምፅ በባዕድ ስም እንጠራለን።