ቢላው ማንን አተረፈ?

ክፉ ነገር ሰውነት ውስጥ ከተገኘ ይውጣ ነው የሁላችንም ሐሳብ። የሳንባ ሽፋን ካንሰር፣ በሕክምናው ስሙ ሜሶቴሊዮማ፣ የያዘው ሰውም ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ የሚጠብቀው «እናወጣዋለን» የሚለውን ቃል ነው። ካንሰሩ ግን እንደ ዕጢ አንድ ቦታ ተቋጥሮ አይቀመጥም። ሳንባንና የደረትን ግድግዳ በለበጠው ስስ ሽፋን ላይ ይነጠፋል፤ ዳር የለውም። የቱንም ያህል ሰፊ ቀዶ ጥገና ቢደረግ ለዓይን የማይታይ ቅሪት እንደሚኖር ቀዶ ሐኪሞቹ ራሳቸው አይክዱም።

ያም ሆኖ ለዓመታት ቢላው ነገሠ። በቦስተን ይሠሩ የነበሩት ቀዶ ሐኪም ዴቪድ ሹገርቤከር ሳንባውን ከነሽፋኑ፣ ከድያፍራሙና ከልብ ከረጢቱ ጋር አውጥቶ ኬሞቴራፒና ጨረር የሚያስከትለውን ሕክምና በዓለም አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ 183 ታካሚዎቻቸው ባወጡት ጽሑፍ፣ 15 በመቶ ያህሉ አምስት ዓመት እንደሚቆዩ ተገመተ። ለዚህ ክፉ በሽታ ትልቅ ተስፋ ነበር። ግን ለቀዶ ጥገናው የተመረጡት እነማን ነበሩ? ልባቸው ብርቱ፣ የቀረው ሳንባቸው ደህና፣ በሽታው ብዙ ያልተስፋፋባቸው። እነዚህ ሰዎች ባይቀደዱስ ስንት ጊዜ ይኖሩ ነበር? ይህን የሚመልሰው ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ማነጻጸር ብቻ ነው።

ዕጣው በእንግሊዝ ተጣለ። «ማርስ» የተባለው ጥናት 50 ሰዎችን ይዞ ውጤቱ በ2011 ታተመ። ሳንባ የማውጣት ዕጣ ከደረሳቸው ግማሾቹ በ14.4 ወር ውስጥ አረፉ፤ ባልደረሳቸው ላይ ግማሹ ለማለፍ 19.5 ወር ፈጀ። ጥናቱ ትንሽ ነው ተባለ፤ እውነትም ትንሽ ነበር። ከዚያ ሙግቱ ሳንባውን ትቶ ሽፋኑን ብቻ ወደ መግፈፍ ዞረ። «ማርስ 2» 335 ሰዎችን መዘነ፤ ሁለቱም ወገኖች ኬሞቴራፒ ወስደዋል። በ2024 በታተመው ውጤት ግማሾቹ እስኪያልፉ የፈጀው ጊዜ ለተቀደዱት 19.3 ወር፣ ላልተቀደዱት 24.8 ወር ሆነ። ከባድ ጉዳትም የበዛው በተቀደዱት ላይ ነው።

የቀዶ ጥገናው ተሟጋቾች «በእኛ ሆስፒታል የሚሞተው ሰው በጥናቱ ከሞተው ያንሳል» ይላሉ። እንግዲያውስ እነርሱም ዕጣ ጥለው ያሳዩን። ሰባት ዓመት የኖረ አንድ ታካሚን ደጋግሞ መጥራት ማስረጃ አይሆንም፤ ከቀዶ ጥገናው አልጋ ሳይነሡ የቀሩት መጥተው አይመሰክሩማ።

ትንፋሽ ለማቅለል ከደረት ውኃ መቅዳትን እየተቃወምኩ አይደለም፤ እሱ ጭንቅ ያቃልላል። የምቃወመው ዕድሜ ያስረዝማል ተብሎ የሚሸጠውን ትልቁን ቀዶ ጥገና ነው። ከጥናት ውጭ ለማንም ሊቀርብ አይገባም።

ይህ በሽታ በቤትዎ ከገባና ቀዶ ጥገና ከቀረበልዎ፣ ከመፈረምዎ በፊት ሐኪሙን «ባልቀደድስ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱንም በወር ቁጥር ይጠብቁ።