ስለ ግራውንዴሽንና ስለ ስሙ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ሶጃ የተባለው የቨርጂኒያ ባንድ ጃማይካውያኑን ቀድሞ የግራሚን የሬጌ ሽልማት ሲወስድ የተነሣው ክርክር በመኝታ ክፍሎቻችን ገና አልበረደም። ከጓደኞቻችን ገሚሱ «ነጭ አሜሪካዊን ከሬጌ ምን አገናኘው?» ይላል፤ ገሚሱ «ሙዚቃ ወሰን የለውም» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ጥያቄ አልነኩትም። መጠየቅ ያለበት ተበዳሪው ብድሩን እንዴት ይከፍላል የሚለው ነው።

ለዚህም ከሶጃ ይልቅ ግራውንዴሽን የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ የተሻለ ምስክር ይመስለናል። ምክንያቱም እንደ እኛው ተማሪዎች ነበሩ። ሃሪሰን ስታፎርድ፥ ማርከስ ዩራኒና ራያን ኒውማን በ1998 ባንዱን ያቋቋሙት በሶኖማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጃዝ ሲማሩ ተገናኝተው ነው። ስታፎርድ ቆይቶ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሬጌን ታሪክ አስተምሯል። በ2002 «ሄብሮን ጌት» የተባለውን አልበም ሲያወጡም የጃማይካ አንጋፋዎች የሆኑትን ዶን ካርሎስንና ኮንጎስን ጋብዘው አብረው ዘፈኑ። ሙያን ከባለሙያው እጅ መቀበል እንዲህ ነው። እርግጥ እንከን የለባቸውም አንልም። ትራምፔቱና ትሮምቦኑ የጃዝ ትምህርታቸውን ለማሳየት ሲያስረዝሙ ከበሮው የሚረሳበት ጊዜ አለ፤ ስታፎርድም የጃማይካን አነጋገር ተከትሎ ሲያዜም ጆሯችንን አልፎ አልፎ ቅር ይለዋል።

ወደ ስማቸው እንምጣ። ራስ ተፈሪያውያን ከበሮ እየመቱ የሚያመልኩበትን ጉባኤ «ግራውኔሽን» ይሉታል፤ በዚሁ ስም በየዓመቱ የሚያከብሩት ቀን ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካ የገቡበት ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን በኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለ ከበበ፥ ንጉሠ ነገሥቱ የወረዱት ሞርቲመር ፕላኖ የተባለው የራስ ተፈሪያውያን ሽማግሌ ሕዝቡን ካረጋጋ በኋላ ነበር። (ስለ ዘውዱ አገዛዝ ያለን አስተያየት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አናነሣውም።) የሶኖማ ተማሪዎች ይህን ቀን አጥንተው የባንዳቸው ስም አደረጉት።

እኛስ? ቅዳሜ ማታ በሬጌ የምንጨፍር፥ የሬጌ ነገር ሲነሣ ግን ከፀጉርና ከጭስ በቀር የምንናገረው የሌለን ስንት ነን? ቦብ ማርሊ በ1976 ያወጣው «ዋር» ግጥሙ ንጉሠ ነገሥቱ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ መሆኑን ከመካከላችን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ነጩ ሰው በማያገባው ገባ ብለን ስንቈጣ፥ እርሱ ያነበበውን እኛ አለማንበባችን ሊያሳፍረን ይገባል። ሬጌ ከእኛ ተወሰደ ማለታችንም አይደለም፤ ሙዚቃው የጃማይካ ድሆች ነው፤ ከእኛ የተወሰደው ስማችን ብቻ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የሙዚቃ ኮሚቴ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ሻሸመኔ ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። በዚያ ከሚኖሩት ራስ ተፈሪያውያን መካከል ቤዙን፥ ፈንዴውንና ሪፒተሩን፥ ሦስቱን የናያቢንጊ ከበሮዎች፥ የሚመቱ ሰዎች ለሚመጣው የሙዚቃ ምሽት ይጋበዙ፤ መጀመሪያ ይምቱልን፥ ያስረዱን፥ እንጠይቃቸው፤ ዳንሱ ከዚያ በኋላ ይሁን። የአውቶቡሱ ሒሳብ ከመግቢያው ገንዘብ ሊከፈል ይችላል።