እርፉን በሁለት እጁ የጨበጠው ገበሬ

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ስልክና ኔትወርክ ያገኘ ወጣት ዛሬ ሥዕል ማሠራት አያቅተውም። «የጎጃም ገበሬ ሲያርስ» ብሎ ለኤአይ ይጽፋል፤ ያዘዘው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሥዕሉ ይደርስለታል። ለጓደኞቹ ሲልከው የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፤ እሳት፣ ልብ፣ ጭብጨባ። ካልሆነም «ይኼ እኮ የማሽን ነው፤ አንተ ምን ሠራህ?» የሚል ማጣጣያ። አድናቂውም አጣጣዩም ሥዕሉን አላዩትም።

ጠጋ ብሎ ለሚያይ ግን ጉድ ነው። ገበሬው እርፉን በሁለት እጁ ጨብጧል፤ ጅራፍ የለውም። ቀንበሩ ከበሬዎቹ ጫንቃ ሸሽቶ ቀንድ ላይ ወጥቷል። ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ምራን የለም፤ ድግርና ወገል የሚባሉት የማረሻ ክፍሎችማ ከነጭራሹ አልታሰቡም። ማሽኑ የተማረባቸው ምስሎች አብዛኞቹ ከሌላ አገር የመጡ ስለሆኑ የጎደለውን ከዚያው እየቀዳ ይሞላል። የሱቅ ታፔላ ጨምርበት ቢሉትም ፊደል የሚመስል፣ ግን የማይነበብ ጭረት ደርድሮ ሊያመጣ ይችላል።

ይህን ነቅሶ ለማውጣት የኮምፒውተር ባለሙያ አያስፈልግም። ገበያ የወጣ የጃቢ ጠህናን ገበሬ ስልኩን ተቀብሎ «ልጄ፣ ይኼ ሰው በሬዎቹን በምን ሊነዳ ነው?» ቢል፣ ያቺ አንዲት ጥያቄ መቶ ጭብጨባ ታስንቃለች።

ደግሞ ጎጃም ትችት የማያውቅ አገር አይደለም። ዋሸራንና ጎንጅን በመሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው የሚጀምረው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ነው። ቆጥሮ ያመጣትን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ቤት አልመታችም፣ ምሥጢሯ አልተገናኘም ብለው ያቃኑለታል፤ ካልሆነችም ያፈርሱበታል። በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። «ይበል!» የሚለው አድናቆት ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚገኝ ነው። የግእዙን ግስ ከመምህሩ ተማረው ብሎ የሚያጣጥለው ግን የለም፤ ግሱ የሁሉም ነው፣ የሚመዘነው ተማሪው በግሱ ያደረገው ነው።

ሥዕሉን ሳያዩ በመፍረድ ፈረንጁም አልተሻለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ጄሰን አለን የተባለ አሜሪካዊ ሚድጆርኒ በተባለ የኤአይ ሥዕል መሥሪያ ያሠራው ሥዕል በኮሎራዶ ዓመታዊ ትርዒት፣ በጀማሪ ዲጂታል ሠዓሊዎች ዘርፍ አንደኛ ወጥቶ 300 ዶላር ሲያሸልመው ጫጫታው ሁሉ «ማን ሠራው?» ላይ አረፈ። ሰውየው ትእዛዙን ቢያንስ 624 ጊዜ እያሻሻልሁ ጽፌያለሁ ቢልም፣ የአገሩ የቅጂ መብት ቢሮ በ2023 አልመዘግብም አለው። የሕጉ ክርክር የራሱ ቦታ አለው። በሥዕሉ ላይ ካለው ትልቅ ክብ መስኮት የሚፈሰው ብርሃን ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ተዳፍኖ ቀረ።

ስለዚህ ሥዕሉን የሚያሳየው ወጣት ለማሽኑ የጻፈውን ትእዛዝ አብሮ ቢያሳይ ይበጀዋል። «እንዴት ነው?» ብሎ ከመጠየቅም «በሬዎቹ አጠማመዳቸው ልክ ነው?» ቢል መልሱ ይለያል። አስተያየት ሰጪውም «አላማረኝም» ብሎ ከማለፍ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ ያሳርፍ።

እርግጥ ስሙን ቢጽፉለትም ማሽኑ ድግርን ላያውቀው ይችላል። ያኔ ልጁ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ የእርሻውን ዕቃ ከጎንም ከፊትም ፎቶ አንሥቶ ለናሙና ያስገባለት።