የልብ ሥልጠናው ወደ እንጅባራ ይምጣ

ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦ ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ

ጉዳዩ፦ የልብ ሕመምን ቀድመው የሚለዩ ባለሙያዎችን በያሉበት ስለማሠልጠን

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ሐኪም አይደለሁም። እንጅባራ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ልብ ሕክምና ሥልጠና ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ሕመሙ የሚጀምረው እኔ ከማስተምራቸው ልጆች መካከል ስለሆነ ነው።

ከየገጠሩ የሚመጡ ተማሪዎች ከተማ ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ ታውቃላችሁ። አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ይከራያሉ፤ ቅዳሜና እሑድ አገር ቤት ሄደው ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ፤ በእንጅባራ ብርድ በርና መስኮት ዘግተው ተጠጋግተው ያድራሉ። አንዱን ጉሮሮውን ካመመው ሌሎቹም ይከተላሉ። ለቶንሲል ሐኪም ቤት መሄድ እንደ ቅብጠት ይቆጠራል። ዝንጅብል ይታኘካል፤ ሲብስ ቶንሲል ማስቧጠጥ፣ እንጥል ማስቆረጥም አለ። ብዙው ይድናል። ጉሮሮውን ያመመው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነ ግን ጥቂቶቹን ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዞር ቁርጥማት ይይዛቸዋል። ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን የልብ ቫልቭ ይመታል። ቁርጥማቱ ይለቃል፤ ቫልቩ ላይ የቀረው ጠባሳ አይለቅም። ልጁ ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ይማራል፣ ይሮጣል። ሴት ልጅ ከሆነች ብዙ ጊዜ የሚታወቅባት ስታረግዝ ነው። ያን ጊዜ የደሟ መጠን ይጨምራል፣ የጠበበው ቫልቭ አላሳልፍ ይላል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው።

ጅማ ላይ ምንም ሕመም ያልተሰማቸው 2000 ያህል ተማሪዎች በልብ አልትራሳውንድ ታይተው ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ከ1000 ተማሪ 30 ያህሉ ላይ የሕመሙን ምልክት አሳይቷል። የእኛ አዊ ዞን ከጅማ በብርዱ ይለይ ይሆናል፤ በተጨናነቀ ቤትና በችላ በተባለ ቶንሲል ግን አንለይም።

ቀድሞ ማወቅ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ከሌላ አህጉር ሳይሆን ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ መልስ አለ። ሰሜን ኡጋንዳ፣ ጉሉ ውስጥ ሕመሙ ገና ድብቅ የሆነባቸው 818 ልጆች ተመርጠው ለሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከተወጉት መካከል ሕመሙ የባሰባቸው 3 ልጆች ብቻ ነበሩ፤ ካልተወጉት 33። መድኃኒቱ አዲስ አይደለም፣ ውድም አይደለም። የሚቸግረው ማን መወጋት እንዳለበት የሚያውቅ ዓይን ማግኘት ነው። በማዳመጫ ብቻ ሲታይ ድብቁ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣል። ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል፣ ኢኮ የሚያነሣ እጅና የሚያነብብ ሰው ያስፈልጋል።

ነገሩ ሥልጠና ላይ የሚወድቀው እዚህ ነው። እስከ ዛሬ የምናውቀው መንገድ ባለሙያውን ከሆስፒታሉ ነቅሎ ለዓመታት ወደ ትልቅ ከተማ መላክ ነው። የልብ ሐኪም ለማፍራት ከዚህ ሌላ መንገድ የለም፤ አልቃወመውም። ነገር ግን ሐኪሙ በሄደበት ዘመን ወረዳው ባዶ ይሆናል፤ ተምሮ ሲጨርስም የኢኮና የካተተር ክፍል ባለበት ከተማ ቢቀር አልፈርድበትም። የእኛ ልጆች የሚያስፈልጋቸው ግን በመጀመሪያ ደረጃ ካርዲዮሎጂስት አይደለም። እንጅባራና ዳንግላ ላይ ሆኖ «ይህ ልጅ ባሕር ዳር ይሂድ፣ ይህ አይሂድ» ማለት የሚችል ነርስ ወይም ጤና መኮንን ነው። ከእንጅባራ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በሚዘጋባቸው ቀናትማ ርቀቱን በኪሎ ሜትር መቁጠር ትርጉም የለውም።

በያለበት ማሠልጠን የሚቻል መሆኑን ሌሎች አሳይተዋል። ብራዚል፣ ሚናስ ዤራይስ ክፍለ ግዛት ውስጥ ፕሮቫር በተባለ መርሐ ግብር ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎች በኢንተርኔት ትምህርቱን ተከታተሉ፣ እጃቸውን አፍታቱ፣ ከዚያ በእጅ በሚያዝ አልትራሳውንድ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞሩ ምስል አነሡ። ምስሉን ሩቅ ያሉ የልብ ሐኪሞች ያነብቡታል። ጉሉም ውስጥ ነርሶች ይህንኑ ሞክረዋል። ስህተት አልጠፋም፤ ያመለጣቸው ታማሚ አለ፣ ጤነኛውን ታማሚ ያሉበት ጊዜም አለ። ጤነኛ ልጅ «ልብህን ታመሃል» ሲባል ቤተሰቡ የሚደርስበትን ድንጋጤ አቅልላችሁ እንዳታዩት አደራ። ስለዚህ የነርሷ ሥራ መለየት ብቻ ይሁን፤ የመጨረሻውን ቃል የልብ ሐኪሙ ይስጥ።

እኛም አገር ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። በ1999 ዓ.ም. በሕንድ መንግሥት የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ የሙከራ ሥራ ጥቁር አንበሳና ነቀምቴ ሆስፒታሎች ሃይደራባድ ካለው ኬር ሆስፒታል ጋር በመስመር ተገናኝተው ነበር። ነቀምቴ ላይ ያለ ሐኪም ከሕንድ ሐኪሞች ጋር ሊማከር የሚችልበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ከእንጅባራ ባሕር ዳር ያንን ማድረግ ሊያቅተን አይገባም። ከቴክኖሎጂው ይልቅ የሚከብደው ልማድ ማድረጉ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኒው ሜክሲኮ ላይ በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፕሮጀክት ኤኮ ያደረገውም ይኸው ነው። የገጠር ሐኪሞችና የዩኒቨርሲቲ ስፔሻሊስቶች በየሳምንቱ በቪዲዮ እየተገናኙ ስለ እውነተኛ ታካሚዎች ይወያያሉ። ለጉበት ሕመም ሄፓታይተስ ሲ የታከሙት ሰዎች ውጤት ሲመዘን በገጠሩ የታከሙት 58.2 በመቶ፣ በዩኒቨርሲቲው የታከሙት 57.5 በመቶ ድነው ተገኙ። ገጠሩ ከከተማው አላነሰም።

ስለ መለማመጃ አሻንጉሊትም ልበል። ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሃርቪ» የሚሉት የሰው ቅርጽ ያለው መለማመጃ አለ፤ የተለያዩ የልብ ሕመሞችን ድምፅና የደም ሥር ምት እያስመሰለ ያሰማል። ዛሬ የኢኮውን መቃኛ ደረቱ ላይ ሲያሳርፉት በስክሪን ላይ የልብ ምስል የሚያሳይ አለ። የእኛ አዋላጆችስ ሕፃን እንዲተነፍስ ማድረግን በአሻንጉሊት ላይ አልተለማመዱም? አዊ ውስጥ ልጅ ፈረስ መጋለብን በጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ሜዳ ላይ አይጀምርም፤ መጀመሪያ በገራም ፈረስ ጓሮ ለጓሮ ይወድቃል ይነሣል። የኢኮ መቃኛም እንዲሁ ነው። ጣቱን ትንሽ ያዞረ ሰው ሌላ ምስል ያያል፤ መቶ ጊዜ መሳሳቱ በነፍሰ ጡር ሴት ደረት ላይ መሆን የለበትም።

አሻንጉሊት ብቻውን ግን ባለሙያ አያወጣም። ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ በዶክተር በላይ አበጋዝ መሪነት የልብ ሕሙማን ሕፃናትን መርጃ ማኅበር የሄደበትን መንገድ አስቡት። መጀመሪያ ሕፃናቱ ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከሉ ሲከፈት የውጭ ቡድኖች እየመጡ ይሠሩ ጀመር። ከእነሱ ጎን ቆመው የተማሩ ኢትዮጵያውያን ዛሬ ራሳቸው ቀዶ ሕክምናውን ይሠራሉ። እጅ ላይ ቆሞ «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ከኢንተርኔቱና ከአሻንጉሊቱ ቀጥሎ ይህ ከጎደለ ገንዘቡ ባክኗል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህ ነው። የእንጅባራ ጠቅላላ ሆስፒታልና ዳንግላ ላይ ያሉ የጤና ተቋማት ለሙከራ ይመረጡ፤ ከየተቋሙ ሁለት ሦስት ነርሶችና ጤና መኮንኖች ይምጡ። መለማመጃ አሻንጉሊቱና በእጅ የሚያዘው አልትራሳውንድ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቁልፉ ግን «ንብረት ክፍል ሄዷል» በሚባል ሰው እጅ አይሁን። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ባሕር ዳር ካሉት የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ሐኪሞች ጋር በቪዲዮ ስለ ታካሚዎች ይወያዩ። በዓመት ጥቂት ጊዜ ደግሞ ሐኪሙ ራሱ መጥቶ ከአጠገባቸው ይቁም። ሰዓቱ ለሙያ ፈቃድ እድሳት በሚጠየቀው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ውስጥ ይቆጠርላቸው። ከሥራ በኋላ በራሳቸው ዳታ እንዲማሩ አትጠይቋቸው፤ ጥቂቶች ይጀምሩታል፣ ማንም አይጨርሰውም።

ስለ ኢንተርኔቱ እውነቱን እንነጋገር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በኢንተርኔት ብቻ የቆመ ሥልጠና መስመሩ በተቋረጠ ቀን ይሞታል። ስለዚህ ትምህርቱ ሁሉ በታብሌትና በፍላሽ ተጭኖ ይሰጥ፤ ለሆስፒታሉ በሽቦ የሚመጣ መስመር ይዘርጋ፤ መስመሩ ሲጠፋም የሳምንቱ ውይይት በተራ ስልክ ይቀጥል። ምስል ባይታይ እንኳ ታካሚዋ ስንት ትራስ ደርባ እንደምትተኛ በስልክ መንገር ይቻላል፤ ይህም ለልብ ሐኪም ትልቅ ወሬ ነው።

አንድ የማልደብቀው ስጋት አለኝ። የሥልጠና ነገር ሲነሣ አዳራሽ፣ ባነርና አበል ይታየናል። ሦስት ቀን ተቀምጠን፣ የቡድን ፎቶ ተነሥተን፣ ሰርተፍኬት ይዘን እንመለሳለን፤ ሪፖርቱም «ይህን ያህል ባለሙያ ሠለጠነ» ይላል። ይህኛው በዚያ እንዳይለካ እለምናችኋለሁ። በዓመቱ መጨረሻ የሚጠየቀው ስንት ልጅ ታየ፣ ስንቱ በልብ ሐኪም ተረጋገጠለት፣ ስንቱ በመዝገብ ላይ ሰፍሮ የየ4 ሳምንቱን መርፌ ሳያቋርጥ ወሰደ የሚለው ይሁን። መድኃኒቱ ከመጋዘን ከጠፋ ሕመሙን መለየት በራሱ ጭካኔ ነው፤ ለልጁም ለእናቱም የማይታከም ዜና ነግሮ መሸኘት ነው። መዝገቡና የፔኒሲሊኑ አቅርቦት አዲስ ሐሳብ አይደሉም። በ2015 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ፣ አፍሪካ ኅብረት ውስጥ በወጣው የአዲስ አበባ መግለጫ ሕመሙን ከአፍሪካ ለማጥፋት ከተቀመጡት ሰባት ተግባራት መካከል ሁለቱ እነዚሁ ናቸው። የዋና ከተማችን ስም ያለበትን ቃል እኛው ሳንፈጽመው አሥር ዓመት አለፈው።

ከዩኒቨርሲቲው የምጠብቀው ክፍል፣ መብራትና ኃላፊነት የሚሰማቸው ሁለት መምህራን ነው። ከእናንተ የምጠብቀው ደግሞ ፊርማ፣ የሥራ ሰዓትና ያልተቋረጠ መድኃኒት ነው። ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ልጆቹ መልሰው በዚያችው ክፍል ተጠጋግተው ስለሚያድሩ፣ ውሳኔያችሁ ከመስከረም በፊት ይደርሰን ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የእንጅባራ የባዮሎጂ መምህር